አሮጊቷ ከፊት ስትጮህ

አሮጌ መኪና የሚነዳ ሰው ሬዲዮ አይከፍትም፤ መኪናውን ያዳምጣል። አዲስ መኪና ያላቸው ሰዎች ይህን አያውቁትም። የእነሱ መኪና ሲከፋት ዳሽቦርዱ ላይ መብራት ታበራለች፣ እነሱም ወስደው ለሚያውቅ ይሰጧታል። የእኛዋ ግን ትናገራለች። ደግነቱ ቋንቋችን ለዚህ የተፈጠረ ነው። አሜሪካዊው ጎረቤቴ መኪናው ስትንኳኳ «ኖይዝ አላት» ብሎ ያልፋል። እኛ ግን ቋ አለን፣ ጓ አለን፣ ሲጥ አለን፣ ቀጭ አለን። እያንዳንዱ ድምፅ የራሱ በሽታ አለው፤ የሐበሻ ወንድ ደግሞ ሳይማር የሁሉም ሐኪም ነው።

የእኔዋ መኪና ልጄ ሳራ ሳትወለድ የገዛናት የጃፓን ሥራ ናት። ሳራ ዛሬ ራሷ መንጃ ፈቃድ አላት። ቤት ውስጥ ስሟ «አሮጊቷ» ነበር፣ በፍቅር ነው ታዲያ። «አሮጊቷን አሙቃት»፣ «አሮጊቷ ዛሬ አልነሳም ብላለች» እንባባል ነበር። የባለቤቴ የሮማን እናት እማማ ዘነበች ከአዲስ አበባ መጥተው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ እኛ ዘንድ እስኪገቡ ድረስ ስሙ ማንንም አላስቀየመም። በመጡ ሰሞን አንድ ጠዋት ሮማን ከደረጃው ላይ ሆና፣ አሮጊቷን ከበረዶው ካላወጣሃት አለቀላት ብላ ስትጮህ፣ እማማ የሻይ ብርጭቋቸውን እንደያዙ ቀና አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ መኪናዋ በአዋጅ «ልጅት» ተባለች።

እንግዲህ በረዶው አልቆ መንገዱ ጉድጓድ በጉድጓድ ሲሆን ልጅት መጮህ ጀመረች። ድምፁ ከፊት፣ በቀኝ በኩል ነው። ታኮማ ፓርክ ያሉትን የመንገድ ጉብታዎች ስንወጣ ቋ፣ ስንወርድ ቋ። ዊተን አንድ የሐበሻ ሱቅ በር ላይ አቁሜ ለወዳጆቼ ስነግር ወዲያው የሐኪሞች ጉባኤ ተሰበሰበ። ሁሉም በየተራ አፍንጫዋን ጫን ጫን አደረጓት። አንዱ ሾክ አብዞርበር ነው አለ። ሌላው የለም፣ ቦኮላዋ በልቷል፣ በብረቱ መሃል ያለው ላስቲክ አልቋል አለ። መኪና የሌለውና በባቡር የሚመላለሰው ጓደኛችን ደግሞ ሞተሯ ይውረድ ብሎ ፈረደ።

እኔ ግን ለማንም ያልተናገርኩት አንድ ምልክት ነበረኝ። ብቻዬን ሥራ ስሄድ ልጅት ጭጭ ትላለች። ከሮማን ጋር ስንሄድም ጭጭ ነው። እማማ ዘነበች ከፊት ሲቀመጡ ብቻ ነው ቋ የምትለው።

ይህን እንዴት ብዬ ልናገር? የፊት ወንበር በእኛ ቤት የእማማ ነው፤ ሮማን እንኳ የእናቷን ቦታ ለመያዝ አታስብም። እማማ ደግሞ፣ ዕድሜ ይስጣቸውና፣ ሞላ ያሉ ሰው ናቸው። የትኛው አማች ነው «እርስዎ ሲቀመጡ መኪናዬ ትጮሃለች» ብሎ ከዚያ በኋላ በዚያ ቤት ምሳ የሚቀርብለት? ሳራ አንድ ቀን ከኋላ ወንበር «ዳድ፣ ኢትስ ኦንሊ ዌን...» ብላ መቼ ብቻ እንደምትጮህ ልትናገር ስትጀምር እናቷ ጭኗን ቆነጠጠቻት። ምርመራው በዚያው ተዘጋ።

አሌክሳንድሪያ ጋራዥ ያለው ታደለ ጋ ብቻዬን ወሰድኳት። ታደለ እጁ የተባረከ፣ አፉ ደግሞ ከእጁ የሚቀድም ሰው ነው። ይዟት ዞረ፣ ጉብታ ላይ አወጣት፣ አወረዳት፣ ምንም የለም። መኪናዋ ከአንተ ትሻላለች፣ አንተ እረፍት ውሰድ አለኝ። ምልክቱን ልነግረው አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። ለታደለ የተነገረ ነገር ከስፕሪንግፊልድ እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ ለመዳረስ ከመኪና ይፈጥናል።

ነገሩ በዚህ ቢቆም ድምፁን ለምጄው እኖር ነበር። ግን እማማ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሄዱበት ቤት አለ። ታናሽ እህታቸው እትዬ አልማዝ አሌክሳንድሪያ ነው ያሉት። ዳሌያቸውን ተሰብረው ከቤት አይወጡም፤ ሳምንቱን የሚቆጥሩት በእህታቸው መምጣት ነው። አንድ ቅዳሜ እማማ እግሬን አሞኛል ብለው ቀሩ። በሳምንቱም ቀሩና የሠሩትን ምግብ በእኛ ላኩ። እትዬ አልማዝ ሳህኑን ተቀብለው ጭናቸው ላይ እንዳስቀመጡት «ምን አስቀየምኳት?» አሉኝ። እማማን እወዳቸዋለሁ። እናቴ ከሞተች ወዲህ በልተሃል ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው እሳቸው ናቸው። እህቶቹ በመኪናዬ ምክንያት ሊለያዩ እንደሆነ ግን ገና አልገባኝም ነበር።

ማታውን እትዬ አልማዝ ያሉትን ለእማማ ስነግራቸው ደነገጡ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ነጠላቸውን ለብሰው ቀድመውን ወጡ። ወጡና የኋላውን በር ከፍተው ገቡ። እንዴ፣ ከፊት ይሁኑ እንጂ ብንል፣ ለእግሬ ይሻለኛል አሉ። አማት ከኋላ፣ ሮማን ከፊት፤ ያየን ሰው ምን ይላል? ጉብታውን ስንወጣም፣ ቤልትዌይ በሚሉት ፈጣን መንገድ ላይም ልጅት ትንፍሽ አላለችም። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እማማ ከእኔ እኩል ሲያዳምጡ ከርመዋል፤ ያልሄዱትም ለእኔ መኪና ብለው ነው። ይቅርታ ልጠይቅ ብል ደግሞ ስለ ምን ብዬ?

መሪውን ወደ ታደለ ጋራዥ አዞርኩት። ታደለ እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣና፣ አዋጁን ያልሰማ ሰው ነውና፣ በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ፦

«አሮጊቷ ደግሞ ምን ሆነች? አሁንም ከፊት ትጮሃለች?»

ሮማን የመኪናዋን ጣሪያ ማየት ጀመረች። ሳራ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ከኋላዬ የእማማ ድምፅ ተረጋግቶ መጣ፦

«እኔስ አልጮህኩም ልጄ። እሷ ናት እኔ ስቀመጥባት የምትጮኸው። ከፊት አስቀምጠኝና ስማት።»

እኛ በይሉኝታ ስንሽከረከርበት የከረምነው ነገር ይኸው ነበር። እማማ ወርደው ከፊት ተቀመጡ፣ ታደለ ከጎማው አጠገብ ቁጢጥ አለ፣ እኔ ቀስ ብዬ የጋራዡን መግቢያ ጉብታ አወጣኋት። ቋ። ታደለ በክሪክ አንስቶ ጎማውን ሲወዘውዘው፣ ጎማውን ከፊት እግሯ ጋር የሚያያይዘው ቦል ጆይንት አልቆ ሊወልቅ ደርሷል። ቤልትዌይ ላይ ቢሆን ጎማው ለብቻው፣ እኛ ለብቻችን እንሄድ ነበር አለ። ቀድሞ ጤነኛ ናት ያለው እሱ መሆኑን ግን አላነሳም። ይልቅ ወደ እማማ ዞሮ እጅ ነሳና «ከክብደት አይደለም እማማ፤ ክብደቱ አጋለጠው እንጂ» አላቸው። እማማ ነጠላቸውን አስተካከሉ። ሕይወታችንን እንዳተረፉ ያወቁት እሳቸው ብቻ ይመስሉ ነበር።

አሮጌው ወጥቶ አዲስ ገባ። ስንደርስ እትዬ አልማዝ እህታቸውን አቅፈው አለቀሱ፣ ወዲያው ደግሞ ዘግይተሽ ምሳውን አቀዘቀዝሽው ብለው ተጣሉ። መኪናዋም ስሟ ተመለሰላት፤ እማማ ራሳቸው «አሮጊቷ በሏት፣ እኔ ስጠራ አውቃለሁ» ብለው ፈቀዱ።

ይኸውና ባለፈው ቅዳሜ እማማ በክብር ቦታቸው፣ እኔ በመሪዬ ላይ ሆነን የታኮማ ፓርክን ጉብታ ስንወጣ፦ ጓ። ከፊት፣ በግራ በኩል። በእኔ በኩል። ሳራ አፏን ስትከፍት እናቷ ቆነጠጠቻት። እማማ ቀስ ብለው ዞሩና የደህንነት ቀበቶዬን ከትከሻዬ እስከ ሆዴ ድረስ ተመለከቱት።

«አይዞህ ልጄ» አሉኝ፣ ጉልበቴን መታ መታ እያደረጉ። «ከክብደት አይደለም። ክብደቱ አጋለጠው እንጂ።»