የአቶ ረፊቅ ጆሮ ጉዳይ

የሃይ ማላካል ኢትዮጵያውያን መረዳጃ እድር ኮሚቴ አስቸኳይ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ እሑድ ሰኔ 15 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ ከቀኑ 9፡00 ሰዓት። ሊቀመንበሩ ከሃይ ጀላባ ሰፈር በቦዳቦዳ ሞተር እስኪደርሱ ሲጠበቅ በ9፡50 ተጀመረ።

ቦታ፦ ጁባ፣ የሊቀመንበሩ መጋዘን፣ በስኳር ጆንያዎች ላይ

የተገኙ፦
አቶ ሙኽታር፣ ጅምላ ነጋዴ፣ ሊቀመንበር
አቶ ዘካርያስ፣ የጄኔሬተርና የፍሪጅ ጠጋኝ
ሲስተር ፀጋ፣ ነርስ
አቶ ረፊቅ፣ ባለሱቅ፣ ባለጉዳይ
ወ/ሮ ዘሀራ፣ የባለጉዳዩ ባለቤት
ማስረሻ፣ ጸሐፊ (ሌላ ፈቃደኛ ስለጠፋ)

ምልዓተ ጉባኤ፦ ከአሥራ አንዱ አባላት አምስቱ በታኅሣሡ የጁባ ተኩስ አገር ቤት ገብተው ስላልተመለሱ ስድስት ተገኝቷል። ወ/ሮ ዘሀራ ግን ታማሚ አባል በጉባኤ እንደማይቆጠር አስታወሱ። አቶ ረፊቅ ታማሚ ከሆኑ ጉባኤው አልሞላም፤ ጤነኛ ከሆኑ ደግሞ አጀንዳ የለም። ከረጅም ውይይት በኋላ ጉዳያቸው እስኪታይ ድረስ ጤነኛ ሆነው እንዲቆዩ ተወሰነ።

አጀንዳ 1፦ አቤቱታ

አቶ ረፊቅ ከታኅሣሥ ወዲህ ግራ ጆሮአቸው ውስጥ «ጢ» የሚል ድምፅ ሳያቋርጥ እንደሚጮህ፣ ጸጥ ባለ ቁጥር እንደሚብስባቸው፣ የሚያምናቸው ሰው እንዳጡ ገለጹ። እድሩ እንደ ማንኛውም ታማሚ ካልጠየቃቸው ሐሙስ ሱቁን ዘግተው አዲስ አበባ እንደሚገቡ ተናግረው የአውሮፕላን ቲኬታቸውን አሳዩ። ወ/ሮ ዘሀራ በበኩላቸው እሳቸው ራሳቸው ከጁባ የትም እንደማይሄዱ፣ ሲጠሩት የማይሰማ ባል የሌለ ድምፅ መስማቱም እንደሚገርማቸው ተናገሩ።

ሊቀመንበሩ ደንቡን አነበቡ። ሁለት አባላት ሕመሙን በዓይናቸው አይተው ወይም በጆሮአቸው ሰምተው ካልመሰከሩለት ማንም ታማሚ ተብሎ አይጠየቅም። አንቀጹ የገባው ወባ ጣለኝ ብሎ ሾርባ ሲሄድለት ቡሉክ ሰፈር ሠርግ ቤት ሲጨፍር በተገኘ አንድ አባል ምክንያት ነው።

አጀንዳ 2፦ ከሕክምና አንጻር

ሲስተር ፀጋ ከባድ ጩኸት የውስጥ ጆሮን ሲጎዳ ወደ አንጎል የሚሄደው መልእክት እንደሚቀንስ፣ አንጎልም የጎደለውን ለመሙላት የራሱን እንቅስቃሴ እንደሚያበዛና ያንኑ እንደ ድምፅ እንደሚሰማው አስረዱ። አቶ ዘካርያስ ጣቢያ ሲርቅበት ድምፁን ከፍ እንዳደረጉት ራዲዮ መሆኑ ነው አሉ። ሲስተር ልክ ነህ አሏቸው። ይህ ምስጋና አቶ ዘካርያስን ስላደፋፈራቸው ጆሮው ተከፍቶ ድምፁ እንዲቀነስ፣ ካቻቢቴም ከራሳቸው እንደሚሆን ሐሳብ አቀረቡ። ደጋፊ አላገኘም።

ሊቀመንበሩ አንጎሉ እንቅስቃሴውን ያበዛው ማንንም ሳያስፈቅድ ስለሆነ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይድረሰው አሉ። ጸሐፊው በማን አድራሻ ብሎ ጠየቀ። በአቶ ረፊቅ በኩል ተባለ።

ሲስተር ፀጋ ጩኸቱን ነቅሎ የሚያጠፋ ኪኒን እንደሌለ፣ ለስለስ ያለ ድምፅ፣ ምክርና ጥሩ እንቅልፍ ግን አንጎል ነገሩን ችላ ማለት እንዲለምድ እንደሚረዱ ቀጠሉ። ለስለስ ያለውን ድምፅ ወ/ሮ ዘሀራ እንዲያሰሙ ተጠየቁ። «ማፊ!» ብለው እንደሌላቸው አሳወቁ።

ውሳኔ፦ ሀ) ለአንጎሉ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ፤ ለ) ወ/ሮ ዘሀራ በቀን ሩብ ሰዓት ባላቸውን በለሰለሰ ድምፅ እንዲያናግሩ። ተቃውሞአቸው ተመዝግቧል። ያሉት ቃል ግን ለመዝገብ አይሆንም።

አጀንዳ 3፦ ምስክር

ሊቀመንበሩና አቶ ዘካርያስ ጆሮአቸውን በአቶ ረፊቅ ጆሮ ላይ እየለጠፉ እንዲያዳምጡ ተመረጡ። ደጅ ጄኔሬተሩ ስለሚያጓራ አልተቻለም። አቶ ዘካርያስ ወጥተው አጠፉት። ሊቀመንበሩ ለጥፈው ጥቂት ካዳመጡ በኋላ «ወላሂ ይሰማል! ጢ ይላል!» አሉ። አቶ ረፊቅ እንባቸው መጣ።

ሲስተር ፀጋ የሰው ጆሮ ጩኸት ለሌላ ሰው መሰማቱ እምብዛም የማያጋጥም ስለሆነ ሊቀመንበሩ አምስት እርምጃ እንዲርቁ ጠየቁ። ራቁ። ይሰማል አሉ። በሩ ጋ ቆሙ። ይሰማል አሉ። ከመቼ ጀምሮ ነው ሲባሉ ከታኅሣሥ ጀምሮ መሆኑን፣ የፍሪጁ ድምፅ መስሏቸው ፍሪጁን ሁለት ጊዜ ማስጠገናቸውን ተናገሩ። አቶ ዘካርያስ ፍሪጁ ሁለቱንም ጊዜ ጤነኛ እንደነበር አመኑ። የእሳቸውም ጆሮ ይጮሃል፤ የሥራዬ ጣጣ ነው ብለው ዝም ብለዋል። ወ/ሮ ዘሀራ ራዲዮ ከፍተው የሚውሉት ለዚሁ እንደሆነ ገለጹና ወደ ባላቸው ዞረው «በተኩሱ ሦስቱን ቀን ወለሉ ላይ የተኛነው አብረን አይደል እንዴ?» አሉ። ሲስተር ፀጋ ለበሽተኞቻቸው የሚነግሩትን ለራሳቸው ነግረው እንደማያውቁ ተናገሩ። የጸሐፊው ጩኸት በቀኝ ጆሮው በኩል ነው።

አቶ ረፊቅ ተነሥተው ስድስት ወር ሙሉ እንደ እብድ ስታዩኝ የከረማችሁት ታዲያ ምን ሆናችሁ ነው ብለው ጮኹ። ጸሐፊው አፍሯል።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ በዛሬው ስብሰባ የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። ታማሚ የሚጠይቅ ጤነኛ ስላልተገኘ አባላት በየተራ እርስ በርስ ይጠያየቁ፦ ሰኞ ረፊቅና ዘሀራ ቤት፣ ማክሰኞ ዘካርያስ፣ ረቡዕ ፀጋ፣ ሐሙስ ሙኽታር፣ ዓርብ ጸሐፊው።

አቶ ዘካርያስ ጄኔሬተሩን ሊያስነሡ ሲሉ አቶ ረፊቅ ትንሽ ይቆይ አሏቸው። ሁሉም የየራሱን «ጢ» እያዳመጠ ተቀመጠ። ወ/ሮ ዘሀራ በለሰለሰ ድምፅ የሐሙሱስ ቲኬት ብለው ጠየቁ።

አቶ ረፊቅ «ሐሙስማ ሙኽታር ጋ ነን» አሉ።

ጉባኤው በ11፡20 ሰዓት ተበተነ።