አበባ የማይቀጥሩት አቶ አንዳርጋቸው

በየከተማው «ሰው ጠፋ» እያለ የሚኖር አንድ ቀጣሪ አለ። ሥራ ፈላጊ ደጁን ሞልቶት እንኳ እሱ ሰው ጠፍቶበታል። የሐይቅ ከተማው ክቡር አቶ አንዳርጋቸው ይባላሉ፤ ዓሣ ቤት አላቸው። አምና በሥራ ተዛውሬ ከመጣሁ ጀምሮ ምሳዬን እዚያ እበላለሁ። ጣቴ ስልክ ላይ ፈጠን ስለሚል ደመወዝ የሌለው የቅጥር ጸሐፊያቸው አድርገውኛል።

የዓሣ ጠባሽ ማስታወቂያቸውን በፌስቡክና በቴሌግራም መለጠፍ ከጀመርኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው። መስፈርቱ እነሆ፦ «የዘይቱን ግለት በድምፁ የሚያውቅ፤ ሎሚ ሳይጠየቅ የሚጨምር፤ አሠሪው ወጥ ቤት ሲገባ የሚቆጣ።» የመጨረሻውን እናውጣው ብያቸው ነበር። እሱ ከወጣ ማስታወቂያው ራሱ ይቅር አሉኝ።

አመልካቹ ብዙ ነው። ክቡርነታቸው መነጽራቸውን ሰክተው የእያንዳንዱን ገጽ እስከ ታች ይመረምራሉ። ከውጫሌ ያመለከተው ማህዲ የወደቀው ከሦስት ዓመት በፊት የበግ ጥብስ ፎቶ ለጥፎ ስለተገኘ ነው፤ ልቡ ከሥጋ ጋር ነው ተባለ። ሌላው ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ላይክ ሲያደርግ ተይዟል፤ እሱን ጠዋት ማን ይቀሰቅሰዋል?

ከሁሉ የባሰው ግን የፎቶው ነገር ነው። እዚህ አገር ፊቷን ፌስቡክ ላይ የምትሰቅል ሴት ጥቂት ናት። አንዷ የግሸን ማርያምን፣ ሌላዋ ካዕባን፣ የቀሩት ጽጌረዳ ይለጥፋሉ። አቶ አንዳርጋቸው «አበባ አልቀጥርም» ብለው ስልኩን ይመልሱልኛል። ከዚያ ሰው ጠፋ።

ከጽጌረዳዎቹ አንዷ የጎረቤቴ የሰዑድ ልጅ ኢንሳፍ ነበረች። በምግብ ዝግጅት ተመርቃ ሁለት ዓመት ቤት ተቀምጣለች። ኑሮው ሲመርራት ፓስፖርት አወጣች፤ ለዓረብ አገር ጉዞዋ አሥር ቀን ሲቀረው አባቷ እህል አልዋጥልህ ብሎት ነበር። አራት ጊዜ አመልክታ አራት ጊዜ በአበባነቷ ወደቀች። በአምስተኛው፣ ጉዞዋ ሳይደርስ፣ በእግሯ መጣች።

«ጋሼ፣ ጽጌረዳዋ እኔ ነኝ» አለች።

ፊቷን ለምን እንደደበቀች ጠየቋት። እሷም ስልኳን አውጥታ የራሳቸውን ገጽ ከፈተችላቸው።

«እዚህ ላይ ያሉትስ እርስዎ ነዎት?»

የገጻቸው ፎቶ ላይ ያለችው ሻሽ ያሰረች፣ ጭልፋ የጨበጠች፣ ፎቶ አንሺውን ያኮረፈች ሴትዮ ናት። እኔ እናታቸው ትመስለኝ ነበር። አቶ አንዳርጋቸው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ስህን ናት» አሉ።

አሥራ ሰባት ዓመት ዓሣ ጠብሳላቸው፣ እኔ ከመምጣቴ በፊት ያረፈች ሠራተኛቸው ናት። ያኔ መስፈርቱ ሁሉ ገባኝ። ዓመቱን ሙሉ ስለጥፍ የከረምኩት እሷን ነበር። ከጀርባቸው የሳቅኩባቸውን ሳስብ አፈርኩ፤ በዚያው ደግሞ ወደድኳቸው።

ለኢንሳፍ አንድ ዓሣ ሰጥተው ወደ ወጥ ቤት ላኳት። እሳቸው ግን መቀመጥ አልሆነላቸውም፤ ተከትለዋት ገቡ። ወዲያው የልጅቷ ድምፅ እስከኔ ጠረጴዛ ድረስ ተሰማ።

«ጋሼ፣ እጅዎን ከመጥበሻዬ ያንሱ። ይውጡልኝ፣ ውጭ ይጠብቁ።»

ወጥተው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ማስታወቂያውን አጥፋው አሉኝ። ዓሣውን ሳይቀምሱት እንዴት እንደሚሆን ጠየቅኳቸው።

«ተቆጣችኝ እኮ» አሉኝ።