የሁለቱ ካሜራዎች ርቀት በጉባኤ ሲጸድቅ

መሥሪያ ቤታችን ቸኩሎ አያውቅም። የዛሬን ሥራ ለነገ የሚያቆየው በስንፍና ሳይሆን ነገን አክብሮ ነው። ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝና ይህን ከማንም በላይ እመሰክራለሁ።

ዋና ሥራ አስኪያጃችን ጡረታ ሊወጡ ሁለት ሳምንት ሲቀራቸው፣ ፎቷቸው በመግቢያው አዳራሽ እንዲቀመጥ ተወሰነ። ተራ ፎቶ ግን አይመጥናቸውም ተባለ። ሁለት ቀዳዳ ባለው ሳጥን ውስጥ ሲያዩት አካል ገዝቶ፣ እጅ ዘርግታችሁ ሰላም በሉኝ ሰላም በሉኝ የሚል ፎቶ መሆን አለበት። ለዚህ ደግሞ ሁለት ባለፊልም የፎቶ ካሜራ ጎን ለጎን ያስፈልጋል፤ የግራው ለግራ ዓይን፣ የቀኙ ለቀኝ ዓይን ያነሳል። ፎቶ አንሺያችን ጋሽ ፍላሽ በዚህ ሙያ ሃያ ሁለት ዓመት ቆይተዋል። ፎቶው ከተበላሸ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት እንደሚዛወሩ በደብዳቤ ተገለጸላቸው፤ ለማበረታታት ነው።

ካሜራ ሁለት አለን። አንዱ የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ነው፣ ሌላው የመዛግብት ክፍል። የሁለቱ ክፍል ኃላፊዎች ግን ሆድና ጀርባ ከሆኑ አራት ዓመታቸው ነው፤ በአንድ በር እንኳ ተከታትለው አይገቡም።

ጋሽ ፍላሽ ስብሰባ ላይ ቆመው፣ የካሜራዎቹ ሌንሶች የሰው ሁለት ዓይኖች የሚራራቁትን ያህል፣ ስድስት ሴንቲ ተኩል ገደማ ብቻ መራራቅ እንዳለባቸው አስረዱ። ካሜራዎቹን በጎናቸው አቁመው መቀመጫ ለመቀመጫ ቢያጣብቋቸው ይበቃል። የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ካሜራቸው ከማንም ካሜራ ጋር እንዲታከክ አልፈቀዱም፤ ንብረት ቢጫር ማን ይጠየቃል አሉ። የመዛግብት ኃላፊዋም የእኔ ካሜራ ለማንም ብሎ አይጠጋም ብለው አስመዘገቡ። ከሦስት ሰዓት ጥልቅ ውይይት በኋላ የሁለቱንም ክብር የሚጠብቅ ርቀት ተገኘ፤ አንድ ሜትር ከስልሳ። የጻፍኩት እኔው ነኝ።

ጋሽ ፍላሽ ዙሪያውን አዩ። "በሁለት ዓይኑ መካከል አንድ ሜትር ከስልሳ ያለው ሰው ታውቃላችሁ?"

"ጋሼ፣ ጉባኤው ወስኗል" አሉ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው፤ "እርስዎ ዝም ብለው ያንሱ።"

አነሱ። ፊልሙ ታጠበ፣ ታተመ፣ ሳጥኑ ውስጥ ገባ። መጀመሪያ ያየችው ጸሐፊዋ ግድግዳ ይዛ ቆመች። በግራው ፎቶ ሥራ አስኪያጁ በአንድ ጆሯቸው፣ በቀኙ በሌላኛው ጆሯቸው በኩል ነው የሚታዩት፤ አንድ ላይ ሲታዩ አፍንጫቸው ሁለት ሆኖ አንዱ ወደዚህ፣ አንዱ ወደዚያ ይሄዳል። የሂሳብ ሠራተኛው ራሱን ይዞ ምሳውን ሳይበላ ቤቱ ገባ።

ብልሽቱን የሚመረምር ኮሚቴ ተቋቋመ። ፊልሙ ተመረመረ፤ ጤነኛ ነው። ፎቶዎቹ የተለጠፉበት ሙጫ ተመረመረ። ሳጥኑ ተገልብጦ ታየ። ጋሽ ፍላሽ በየመሀሉ እጃቸውን እያወጡ ርቀቱ ነው ይላሉ፤ ሰብሳቢው ደግሞ ርቀቱ የጸደቀ ስለሆነ ሊበላሽ እንደማይችል በትዕግሥት ያስረዷቸዋል። በመጨረሻ የችግሩ መንስኤ የተመልካቾች ዓይን ከሚገባው በላይ መቀራረቡ ነው የሚል ግኝት ቀረበ። ጋሽ ፍላሽ ያን ዕለት ፊታቸው ዐመድ መሰለ። እውነቱን ለመናገር አንጀቴን በሉት፤ ግን አንጀት መበላት በቃለ ጉባኤ አይያዝም።

ያዳኑን ራሳቸው ሥራ አስኪያጁ ናቸው። በመሰናበቻቸው ቀን ሳጥኑ ላይ ጎንበስ ሲሉ አንድ ዓይናቸው አቧራ ገብቶበት ጨፍነውት ነበር። ብዙ አይተው ቀና አሉ።

"እኔው ነኝ" አሉ፤ "ቁርጥ እኔን።"

መመሪያው በዚያው ቀን ወጣ። ፎቶው ከእንግዲህ በአንድ ዓይን ብቻ ይታያል። ለፍትሐዊነት ሲባል ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ በግራ ዓይን የሕዝብ ግንኙነት ካሜራ ያነሳው፣ በሌሎቹ ቀናት በቀኝ ዓይን የመዛግብት ካሜራ ያነሳው ይታያል። ሁለቱ ኃላፊዎች ተራ በተራ አጨበጨቡ። ለጋሽ ፍላሽም የምስጋና ወረቀት ተሰጣቸው፤ ዝውውሩ ተሰረዘ።

በማግስቱ አንዲት ማመልከቻ ይዘው ጠረጴዛዬ ጋ መጡ። አነበብኳት። ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት አዛውሩኝ ትላለች።

"ጋሼ፣ ተርፈው ሳለ ምን ነካዎት?" አልኳቸው።

"ልጄ፣ እዚያ ቢያንስ ሁለት ዕቃ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይፈቀዳል።"