ማር የመሰለው ዘይት

[አንድ ግቢ። በቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ የሸራ ልብሱ የተገፈፈለት አሮጌ ግን የሚያብረቀርቅ መኪና ቆሟል፤ ሞተሩ ተነሥቶ ያጉረመርማል። ባለቤቱ ጡረታ የወጣ የመሥሪያ ቤት ሹም ነው፤ የማላውቀው ነገር የለም ስለሚል ሰፈሩ «ሊቁ» ይለዋል። የሚስቱ ወንድም ያዘዙትን ሁሉ ስለሚፈጽም «እሺ ባዩ» ይባላል። እሺ ባዩ በአንድ እጁ ሳፋ፣ በሌላው የሞተር ዘይት የሞላበት ጀሪካን ይዟል። ሊቁ ፊቱ ቆሞ መንገድ ዘግቶበታል።]

እሺ ባዩ፦ ...እኔ ያኔ ገና ልጅ ነኝ፤ እህቴን እታለምን ደግሞ ትኩሳት አንድዷታል። የተሳፈርንበት የጭነት መኪና ሜዳው መሀል ቀጥ አለ። ሾፌሩ ወርዶ አየና «ዘይቱ ጭቃ ሆኗል፤ ሞተሩ አልቆለታል» አለን። አዘልኳት። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ውሃ የሚባል...

ሊቁ፦ ...ነገር የለም፤ ጫማህ ተበጠሰ፤ እግርህ ደማ፤ ሐኪም ቤት ደጃፍ ስትደርስ ወደቅህ! እህትህን ካገባሁ ጀምሮ የምሰማው ይኼንኑ ነው። አሁን ይህ ከኔ መኪና ጋር ምን አገናኘው?

እሺ ባዩ፦ ዘይቱን ልቀይር ነዋ ጋሼ።

ሊቁ፦ አይቀየርም አልኩ አይቀየርም!

እሺ ባዩ፦ ነገ እታለምን ለዓይኗ ቀዶ ሕክምና ልንወስዳት አይደል? ዳገቱ እንደምታውቀው ነው። ተራዋ የደረሰው በስንት መከራ ነው፤ መንገድ ላይ ቀርተን ካለፋት እንደገና ከመጨረሻ መሰለፍ ነው። እስከዚያ ዓይኗ አይጠብቅም ብለዋል ሐኪሞቹ።

ሊቁ፦ ለኔ ነው እኮ የነገሩኝ! አንተ የሐኪሙ በር ላይ ዕቃ እንደያዝክ ትቆማለህ እንጂ ምን ሰምተህ። በመጀመሪያ ይህን ሞተር አጥፋ፤ ነዳጄን ፈጀኸው!

እሺ ባዩ፦ ይሙቅ ብዬ ነው።

ሊቁ፦ ብርድ መትቶታል? ጋቢ ደርብለታ! ና እዚህ። በመስኮቱ ወደ ውስጥ ተመልከት። መሪው ጀርባ ያለው ቁጥር ምንድን ነው?

እሺ ባዩ፦ [አንገቱን አስግጎ] ሰዓት?

ሊቁ፦ ኪሎ ሜትር! አቤት አቤት! የዘይት ዕድሜ የሚለካው በዚህ ነው። መኪና ሲሄድ ዘይት ይሠራል፤ ሲቆም ዘይት ያርፋል። ያረፈ ነገር ይደክማል? አይደክምም። ይኼ መኪና የት ነው የሚሄደው?

እሺ ባዩ፦ ዳቦ ቤት።

ሊቁ፦ ዳቦ ቤቱ የት ነው?

እሺ ባዩ፦ ያውልህ፣ ከዚህ ይታያል።

ሊቁ፦ ይታያል! በጣም ጥሩ። ታዲያ ከዚህ ምን እንረዳለን?

እሺ ባዩ፦ በእግርህ ብትሄድ እንደሚሻል።

ሊቁ፦ ከርዕስ አትውጣ! እሺ፣ ለአንተ ጭንቅላት በሚመጥን ምሳሌ ላስረዳህ። ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ጫማ ሶሉ ያልቃል?

እሺ ባዩ፦ ይገነጠላል።

ሊቁ፦ እንዴት አባቱ ይገነጠላል?

እሺ ባዩ፦ የሠርግ ጫማህ ነዋ ጋሼ። አንድ ቀን ብቻ አድርገኸው ሳጥን ውስጥ ኖረ። ባለፈው ለጎረቤት ልጅ ሠርግ ስታወጣው ሶሉ አዳራሹ መሀል ቀርቶ አንተ ብቻህን ሄድክ። እኔ ነኝ ተከትዬ የለቀምኩት።

ሊቁ፦ እ... እሱ የሙጫ ጉዳይ ነው! ሙጫ ሌላ፣ ዘይት ሌላ። ለመሆኑ አንተ የሞተር ዘይት ምን እንደሚመስል ታውቃለህ?

እሺ ባዩ፦ ጥቁር ነው።

ሊቁ፦ [በሳቅ ይንፈራፈራል] ጥቁር! የት አየኸው?

እሺ ባዩ፦ ከሥር።

ሊቁ፦ ከሥር! ቆመህ ነው ተቀምጠህ?

እሺ ባዩ፦ በጀርባዬ ተኝቼ።

ሊቁ፦ በሕልምህ በለኛ! ስማኝ የኔ ወንድም፤ በዚህ መኪና ሞተር ውስጥ ያለው ዘይት ማር ነው። ማር! በየዓመቱ ጉልበቴን ለመታከም በአውቶቡስ ፍል ውሃ ሄጄ ስመለስ፣ ሻንጣዬን ሳልፈታ፣ መለኪያ ዘንጉን መዝዤ በነጭ መሐረብ እጠርገዋለሁ። በየዓመቱ ማር! ይህን የደረስኩበት በራሴ ምርምር ነው። ማንም አላስተማረኝም።

እሺ ባዩ፦ ማንም።

ሊቁ፦ ምን አልክ?

እሺ ባዩ፦ እሺ ነው ያልኩት። ደግሞ ጋሼ፣ የዘይት መጨመሪያው ክዳን ሥር እንደ ሳሙና አረፋ ያለ ነጭ ነገር ይዟል፤ እርጥበት ገብቶታል።

ሊቁ፦ ሳሙና! አሁን ደግሞ ሞተሩን ሊያጥብልኝ! አንተ ከኔ ጋር ስትከራከር አታፍርም? ጋራዡ ውስጥ ያሉት መካኒኮች እንኳ በዚያ ሳልፍ ከመቀመጫቸው ብድግ ይላሉ። ባለፈው ወንበር አወጡልኝ፤ ለስላሳ ጋበዙኝ።

እሺ ባዩ፦ እነሱማ ይወዱሃል። የአንተን ምክር የሰማ ሁሉ መጨረሻው እነሱ ጋ ነው።

ሊቁ፦ እንዴት ማለት?

እሺ ባዩ፦ ሞተር ለማስወረድ።

ሊቁ፦ ምቀኛ ነህ። አሁን ንገረኝ፤ ይህ ጀሪካን ከየት መጣ?

እሺ ባዩ፦ ልብስ ሰፊው ሰጠኝ።

ሊቁ፦ [ደረቱን ነፍቶ] አየህ? አየህ የተማረ ሰው! ለመኪናው ሊቀይር ገዝቶ ሱቁ በር ላይ አግኝቼው «ተው፣ የቆመ መኪና ዘይት አያስቀይርም» ብዬ ዘይትን ከሥር መሠረቱ አስረዳሁት። ገብቶታል ማለት ነው! አያስፈልገኝም ብሎ ለአንተ ሰጠህ።

እሺ ባዩ፦ እንደሱ ነው ያለኝ፤ አያስፈልገኝም ነው ያለው።

ሊቁ፦ እንግዲህ ጨረስን! አጥፋልኝ ይህን ሞተር፤ በዓይንህ አሳይቼህ ሳፋህን ይዘህ ትገባለህ።

[እሺ ባዩ ሞተሩን ያጠፋል። ሊቁ ኮፈኑን ከፍቶ ከኪሱ ነጭ መሐረብ ያወጣል፤ እንደ ባንዲራ ያራግፈዋል።]

ሊቁ፦ ቅረብ። አፍህን ክፈትና ተመልከት። ዘንጉን እመዛለሁ... በመሐረቡ እጠርጋለሁ... ይኸውልህ፣ ማ...

[መሐረቡ ላይ እንደ ሬንጅ የጠቆረ መስመር ተጋድሟል።]

እሺ ባዩ፦ ማር?

ሊቁ፦ ማነው ይህን መኪና የነካው?

እሺ ባዩ፦ ዘንድሮ ማንም አልነካውም ጋሼ። ችግሩም እሱ ነው።

ሊቁ፦ ዘንድሮ ማለት ምን ማለት ነው?

እሺ ባዩ፦ ዘንድሮ በእታለም ዓይን ምክንያት ፍል ውሃ አልሄድክማ። አንተ ካልሄድክ ደግሞ እኔ አልቀይርም።

ሊቁ፦ ምኑን ነው የምትቀይረው?

እሺ ባዩ፦ ዘይቱን። አንተ ስትሄድ እቀይራለሁ፤ አንተ ስትመለስ በመሐረብ ታየዋለህ። በየዓመቱ እንደዚያው ነን።

ሊቁ፦ [መኪናውን ተደግፎ] ማን... ማን አዘዘህ?

እሺ ባዩ፦ አንተ።

ሊቁ፦ እኔ!

እሺ ባዩ፦ መኪናው የተገዛ ሰሞን እዚሁ ጥላ ሥር አቁመህ፣ ጣትህን ቀስረህ፣ «ቢነዳም ባይነዳም ዘይቱን በየዓመቱ ትቀይራለህ፤ እኔ ባለሁበት ግቢዬን እንዳታቆሽሽ፤ ደግሞ ሁለተኛ ስለዚህ ነገር እንዳትጠይቀኝ» አልከኝ። እኔም እሺ አልኩ። አልጠየቅሁህም።

ሊቁ፦ ታዲያ ያ ሁሉ ምርምሬ!

እሺ ባዩ፦ ጥሩ ነበር።

ሊቁ፦ ያን ሁሉ ሕዝብ ሳስተምር ቆመህ ትሰማኝ ነበር እኮ! አንድ ቃል አትናገርም?

እሺ ባዩ፦ አንድ ጊዜ ልብስ ሰፊው ፊት ልናገር ስል «አንተ ዝም በል፤ አዋቂዎች እያወሩ ነው» አልከኝ። እሺ አልኩ።

ሊቁ፦ ደግነቱ ልብስ ሰፊው እስካሁን በመኪናው...

እሺ ባዩ፦ መኪናውማ የለም። ዘይቱ ጭቃ ሆኖበት ሞተሩ ነከሰና ዳገቱ ላይ ቀረ፤ እንደ ቆመ በቁርጥራጭ ብረት ዋጋ ሸጠው። ጀሪካኑን ሲሰጠኝ «ለሊቁ ስጥልኝ፤ እኔ እንግዲህ አያስፈልገኝም» አለኝ።

[ሊቁ ጀሪካኑን ያያል፤ መሐረቡን ያያል፤ መሐረቡን አጥፎ ኪሱ ሊከት ይልና ይተወዋል። ከቤት ውስጥ የሚስቱ ድምፅ ይሰማል።]

የሚስት ድምፅ፦ እናንተ! ዘይቱ ተቀየረ ወይስ ገና ነው?

ሊቁ፦ [በሹክሹክታ] እሷም ታውቃለች?

እሺ ባዩ፦ ሳፋው የማን መሰለህ?

ሊቁ፦ [ወደ ቤቱ ጮክ ብሎ] እየቀየርን ነው እመቤቴ! እኔ ራሴ ቆሜ እያስቀየርኩ ነው! [ድምፁን ዝቅ አድርጎ] ምንጣፍ አምጣ።

እሺ ባዩ፦ ለምን?

ሊቁ፦ እተኛበታለሁ። ነገ ሐኪም ቤት ስንደርስ ማን ነው የቀየረው ብትለኝ፣ አንድ የምለው ነገር ይኑረኝ።

[እሺ ባዩ አሮጌ ምንጣፍ ያነጥፋል። ሁለቱም በጀርባቸው ተኝተው መኪናው ሥር ይገባሉ። እግሮቻቸው ብቻ ይታያሉ፤ የሊቁ ጫማ ተወልውሏል፤ የእሺ ባዩ ተረከዙ ተበልቷል።]

ሊቁ፦ ይህ ቡሎን ወደ ግራ ነው የሚፈታው።

እሺ ባዩ፦ እሺ።

ሊቁ፦ አይ፣ ወደ ቀኝ።

እሺ ባዩ፦ እሺ። [በገዛ እጁ እንደለመደው ያዞራል] ሳፋውን አስጠጋልኝ። ወደዚህ። እንደዚያ ያዘው፤ እንዳይደፋ። ይፋጃል።

ሊቁ፦ ለምንድን ነው የሚፋጀው?

እሺ ባዩ፦ ሞተሩ ሞቋላ። የሞቀ ዘይት ተጠርጎ ይወርዳል፤ ቀዝቃዛው ውስጥ ይቀራል። ለዚህ እኮ ነው ዛሬ አንተ ስትሰድበኝ ዝም ብዬ የቆምኩት፤ ሞተሩ የሞቀው አንተ ተናግረህ እስክትጨርስ ነው።

[የሊቁ እግር ወደ እሺ ባዩ እግር ጠጋ ይላል።]

ሊቁ፦ እውነቱን ንገረኝ። ይህን ሁሉ ዓመት ደንቆሮ ስልህ፣ ጭንጋፍ ስልህ፣ በሰው ፊት ሳዋርድህ... ምንም አይሰማህም?

እሺ ባዩ፦ ይሰማኛል እንጂ።

ሊቁ፦ ታዲያ?

እሺ ባዩ፦ እኔ አዋቂ ተብዬ አላውቅም፤ አልጎደለብኝም። ያኔ እታለምን አዝዬ በዚያ ሜዳ ስሄድ አንገቴ ሥር ትተነፍሳለች፤ ትንፋሿ ያቃጥላል፤ ዞር ስል ያ መኪና እንደ ተገተረ ይታየኛል። ብርታቱን ስጠኝ ብዬ እግዜርን አልለመንኩም፤ ሁለተኛ እንዲህ አይሁንባት ነው ያልኩት። እሷ ስትታመም ቁልፉ ይዙር፣ ሞተሩ ይነሣ። ለኔ ከዚህ የሚበልጥ ነገር የለም፤ ምስጋናውን አንተ ውሰደው። አሁን አፍህን ግጠም ጋሼ፤ ዘይቱ መጣ።