ለዲግሪ የቆጠርኩት ሰባት ቤት

ማኅበራዊ ሳይንስ ማለት ሐሜት ነው። አዎ፣ ብያለሁ! ልዩነቱ ጎረቤታችሁ በነጻ ሲያማችሁ፣ እኛ ግን አራት ዓመት ተምረን፣ ተፈትነን፣ ጋውን ለብሰን ማማታችን ብቻ ነው። እገሌ የማን ልጅ ነው፣ ማን ማንን አገባ፣ ማን ከማን ተኳረፈ… ይህን ሰፈር ውስጥ የጠየቀ ወሬኛ ይባላል፤ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የጠየቀ ደግሞ ተመራማሪ።

እኔ ተመራማሪ የሆንኩት ካርቱም ነው፤ በአንዲት ትንሽ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ፣ የጣሪያው ማራገቢያ ከማቀዝቀዙ መንቋቋቱ በሚብስ ክፍል ውስጥ። ያኔ ድልድዮቹ ላይ ከመኪና መጨናነቅ በቀር የሚያስፈራ ነገር አልነበረም። የዝምድና ጥናት የሚያስተምሩን ሱዳናዊ ኡስታዝ ለመመረቂያ አንድ ቤተሰብ መርጠን፣ የዘር ሐረጉን የሚያውቁትን ያህል ወደ ኋላ አስቆጥረን እንድናመጣ አዘዙን። የራስን ቤተሰብ ማቅረብ ክልክል ነው።

ጓደኞቼ ቤተሰብ ፍለጋ ሲንከራተቱ እኔ ሳልውል ሳላድር የጋሽ ተፈራን ቤት መረጥኩ። ጋሽ ተፈራ ገና ጎረምሳ ሳሉ ከዳባት ሱዳን የገቡ፣ ኦምዱርማን ገበያ በርበሬና ሽሮ የሚነግዱ ሰው ናቸው። ለኡስታዙ “ቤተሰቡ ብዙ ዓመት የኖሩ ስደተኞችን ይወክላል” አልኳቸው። እናንተን ግን አልዋሽም፤ ምክንያቱ ልጃቸው ሜሮን ናት። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ከሰላምታ ያላለፈ ነገር ስንነጋገር ከርመን፣ ቤቷ የምገባበት ሰበብ አጥቼ ነበር። ሳይደግስ አይጣላም፣ ሰበቡን ዩኒቨርሲቲው ሰጠኝ። ለጥናት እንደምመጣ አስቀድሜ ነገርኳት።

ከምኖርበት ከአርካዊት ሰፈር በሁለት ሀፍላ አውቶቡስ ተሳፍሬ፣ ሸሚዜን ተኩሼ፣ ባዶ እጅ አይገባምና ሙዝና ብርቱካን አንጠልጥዬ ሄድኩ። ቀዝቃዛ ከርከዴ ቀረበልኝ። አንገቴን ደፍቼ፣ “ጋሼ፣ ከፈቀዱልኝ የሜሮንን ዘር እስከ ሰባት ቤት ለማወቅ ፈልጌ ነው የመጣሁት” አልኩ።

እስቲ ፍረዱኝ። በእኛ አገር አንድ ወንደላጤ ሸሚዝ ተኩሶ፣ ፍራፍሬ ይዞ፣ የሰው ልጅ ሰባት ቤት የሚጠይቀው መቼ ነው? ለጋብቻ ነዋ! በሰባት ትውልድ ውስጥ አንድ አያት ካገናኛቸው ልጁና ልጅቷ ወንድምና እህት ናቸው፤ መጋባት የለም። ይህን ያልተማረ ሁሉ ያውቀዋል። እኔ ግን ተምሬ ስለነበር ረስቼዋለሁ።

ጋሽ ተፈራ ሚስታቸውን ጠሩ። እትዬ ዘውዲቱ ጓዳ ገብተው ነጠላቸውን አጣፍተው ተመለሱ። ነገሩ ለትምህርቴ እንደሆነ ሳስረዳ ጋሽ ተፈራ ይበልጥ ደስ አላቸው፤ የተማረ ሰው እንዲህ ነው፣ ሳያጠና አይገባም ብለው መረቁኝ። ከዚያ ባልና ሚስት እየተቀባበሉ ቆጠሩልኝ። ስድስተኛው ላይ ግራዝማች ቢተው የሚባሉ የወገራ ሰው ተነሡ። ሲጨርሱ በተራቸው የእኔን ጠየቁ። ክፍል ውስጥ እንደተማርነው ተጠያቂ መልሶ ከጠየቀ አመነህ ማለት ነውና፣ ደስ ብሎኝ ስቆጥር አራተኛው ላይ ደረቅሁ። ጋሽ ተፈራ በሐዘኔታ አይተውኝ፣ አጣርቼ እንድመለስ፣ ይኼ ነገር በችኮላ እንደማይሆን መከሩኝ። ለምርምር ያላቸው ክብር ገረመኝ!

ነገሩን የገለጠችልኝ እስከ ረክሻው፣ እስከ ባጃጁ ማለቴ ነው፣ የሸኘችኝ ሜሮን ናት። ካርቱም ተወልዳ ያደገች ስለሆነች አማርኛዋ ያለ ዓረብኛ አይራመድም።

“አንተ ለጃሚዓ በሕስ ነው አላልክም? ባባ ግን ሽማግሌ መቼ ይመጣል እያለ ነው።”

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ። ተመልሼ፣ የጃሚዓ በሕስ ማለት የዩኒቨርሲቲ ጥናት እንጂ ጋብቻ እንዳልሆነ ለአባቷ ላስረዳ አልኳት። ሜሮን ጫማዋን ጫማዋን አየች።

“በሕሱ ኻላስ ካለቀ… አትመጣም ማለት ነው?”

ከዚህች ጥያቄ በኋላ ተመልሶ የሚያስረዳ ወንድ ካለ አሳዩኝ። እኔ ረክሻው ውስጥ ሆኜ ሠርጉን ደግሼ ጨረስኩ። የቀሩኝ ሦስት አያቶች ብቻ ነበሩ።

አባቴ ካረፈ ወዲህ ስለ ዘራችን በስልክ ልጠይቃት የምችለው ደባርቅ ያለችው እናቴ ናት። ደወልኩላት። እልል የምትል መስሎኝ ነበር፤ እሷ ግን ልጅቷ አገሯን አይታ ታውቅ እንደሆነ፣ ዶሮ ትበልት እንደሆነ፣ አማርኛዋስ እንዴት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሦስቱንም አድበስብሼ አለፍኩ። ከዚያ የልጅቷን ዘር እንድቆጥርላት አዘዘችኝ። እንደ ጎበዝ ተመራማሪ አንድም ሳላጓድል ቆጠርኩላት። የእኛን አስታውሳ በማግስቱ እንደምትደውል ነግራኝ ዘጋች።

በማግስቱ ደወለች። አምስተኛውን ነገረችኝ። ስድስተኛው… ግራዝማች ቢተው። የወገራው!

“እህትህ ናት ልጄ” አለች እናቴ። “እግዜር ነው ያወጣህ።”

ይህንን በቀልድ ማለፍ አልችልም፤ ልቤ ተሰብሯል። ኦምዱርማን ሄጄ የሆነውን ተናገርኩ። ጋሽ ተፈራ በስደት አገር ዘመድ አገኘሁ ብለው አቅፈው ሳሙኝ። ሜሮን ጓዳ ሆና ሰምታለች፤ ሳሎን ግን አልመጣችም። ኡስታዙ ብቻ ፈነደቁ። ለጥናት ወጥቶ የገዛ ዘመዱን ያገኘ ተማሪ ገጥሟቸው እንደማያውቅ ተናግረው የክፍሉን ከፍተኛ ነጥብ ሰጡኝ። በዚያው ነጥብ ተመረቅሁ። በዓመቱ ሜሮን አንድ መካኒክ አገባች። እኔም ወንድሟ አይደለሁ? ሙሽራውን አናስገባም ብለው ደጅ ከያዙት ወንድሞች ጋር ቆሜ ነበር። እንደ እኔ ከልቡ በሩን የያዘ አልነበረም፤ ለአራት ነው ያነሡኝ።

በኋላ ካርቱም ስትታወክ ሁሉም በየአቅጣጫው ወጣ። ሜሮንም ከነባሏ በሰላም መውጣቷን ሰማሁ። እኔ ደባርቅ ገባሁ። አንድ እሑድ ስልክ የሚባል ነገር የማይወዱት የአባቴ ታላቅ ወንድም ከገጠር ሲመጡ፣ እናቴም ባለችበት ስለ ግራዝማች ቢተው አጫውቱኝ አልኳቸው።

“ማናቸው እሳቸው?” አሉኝ።

ስድስተኛ አያታችን መሆናቸውን ነገርኳቸው። አጎቴ ስድስተኛችን አለቃ ውቤ እንደሆኑ፣ ቢተው የሚባል ሰው በዘራችን ደርሶ እንደማያውቅ፣ ከፈለግሁ እስከ አሥራ ሁለት ሊቆጥሩልኝ እንደሚችሉ እየማሉ ነገሩኝ።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ! ቀስ ብዬ ወደ እናቴ ዞርኩ። አልደነገጠችም። አላፈረችም። ነጠላዋን እያስተካከለች ቀና ብላ አየችኝ።

“ታዲያ በእሳቸው ዲግሪ አላገኘህም?” አለችኝ።