ሮባ እስኪጮኽ

ሰው ሕልሙን ሌሊት ያያል። እኔ ግን ያየሁት እሁድ ጠዋት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በክለባችን አውቶቡስ የኋላ ወንበር ላይ አፌን ከፍቼ ነው። ከአዳማ ተነስተን ለጨዋታ ወደ አሰላ እየወጣን ነበር። አውቶቡሳችን ዳገት ሲያይ የሚያጉረመርም አሮጌ ነው፤ ጉርምርምታው ነው መሰለኝ ያስተኛኝ። ሕልሙን ከመናገሬ በፊት ግን ሮባ ማን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ አለዚያ ነገሩ አይገባችሁም።

እኔ ይርዳው እባላለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ እጅ ኳስ ሳሰለጥን ኖሬ ጡረታ ልወጣ ስል፣ ወይዘሮ እልፍነሽ የሚባሉ ባለሀብት የአሜሪካ ፉትቦል የሚሉትን ጨዋታ አገር ውስጥ አመጡ። ደመወዝተኛ ተጫዋቾች ቀጠሩ፤ የራስ ቁር፣ የትከሻ መከላከያ፣ እንቁላል የመሰለች ሞላላ ኳስ ገዙ። ከዚያ እኔን ጠርተው «በእጅ እስከሆነ ድረስ ያው እጅ ኳስ አይደል? ያሰልጥኑልኝ» አሉኝ። ያው አይደለም፤ ግን እሺ አልኩ።

ጨዋታው ላልለመደው ግር ይላል፤ ዋናው ነገሩ ግን ቀላል ነው። መሀል ላይ አንድ ወርዋሪ አለ፤ ኳርተርባክ ይሉታል። ከፊቱ አምስት ግዙፍ ሰዎች ጎንበስ ብለው ይቆማሉ፤ እኛ አጥር እንላቸዋለን። ወርዋሪው ኳሷ እጁ ከመግባቷ በፊት ሜዳውን አይቶ «አንተ ወደ ግራ! አንተ ዝቅ በል!» ብሎ ይጮኻል። ካልጮኸ አጥሩ ይፈርሳል፤ ከማዶ ያሉት ጎረምሶች መጥተው ይከመሩበታል።

ሮባ ወርዋሪያችን ነው። መቂ ላይ ፓፓያ ከጭነት መኪና ሲያራግፍ ነው ያገኘሁት። ከመኪናው ላይ ሆኖ ይወረውራል፤ መንገድ ማዶ የቆመው ሰው እቅፍ ውስጥ ፓፓያዋ ሳትሰነጠቅ ታርፋለች። እንዲህ ያለ ክንድ በዘመኔ አላየሁም። ችግሩ አስተዳደጉ ነው። አጥሮቹ በሙሉ በዕድሜ ይበልጡታል፤ የአጥሩ አለቃ ጥላዬማ የልጆች አባት ነው። ሮባ ደግሞ ታላቅን ማዘዝ አልተማረም። ሦስት ጎረምሳ ሊከመርበት ሲዘጋጅ እያየ፣ «ጋሽ ጥላዬ፣ ካላስቸገርኩዎት ትንሽ ወደ ግራ ጠጋ ቢሉልኝ…» ይላል። ጥላዬ «ምን አልከኝ የኔ ልጅ?» ብሎ እስኪዞር ሮባ ከሥር ነው።

ጩህ እለዋለሁ። «እሺ ጋሼ» ይለኛል፣ በሹክሹክታ። እንደ ልጄ እወደዋለሁ፤ እንደ ልጄም ያበግነኛል።

ያን ዕለት ጠዋት አውቶቡስ ልንሳፈር ስንል ወይዘሮ እልፍነሽ ወደ ጎን ጠሩኝ። «ጋሽ ይርዳው፣ ዛሬ አሰላ ላይ ካልጮኸ ነገ ወደ ፓፓያው ይመለሳል። ከውጭ የሚመጣ ወርዋሪ አግኝቻለሁ» አሉኝና ገብተው ከሹፌሩ ጀርባ ተቀመጡ። እኔ ኋላ ሄጄ ተዘረፈጥኩ። ሮባ ምንም አያውቅም። ጃኬቱን አውልቆ አጣጠፈና «ጋሼ፣ አንገትዎን እንዳያምዎት» ብሎ ከራሴ ሥር አደረገልኝ። እንቅልፍ የወሰደኝ በዚያ ጃኬት ላይ ነው።

በሕልሜ አዳማ ላይ ጋሪ እየጎተትኩ ነበር። ፈረሱ ጋሪው ላይ ተደላድሎ፣ የእኔን ኮፍያ አጥልቆ፣ ጋዜጣ ያነባል።

«ፈጠን በል እንጂ» አለኝ።

«ዳገት ነው እኮ» አልኩት።

«እኔ ዳገት ነው ብዬህ አውቃለሁ?»

እውነቱን ነው፤ ብሎኝ አያውቅም። ፈጠን አልኩ።

ስታዲየሙ በር ላይ ትኬት ቆራጮቹ መስኮታቸውን ነቅለው በትከሻቸው ተሸክመው ተሰልፈዋል። የሚጠብቁት ተመልካች ነበር። አንዷ ስታየኝ ከሰልፉ ወጥታ «ጌታዬ፣ ከንጋት ጀምሬ ቆሜ ነው፤ እባክዎ አንድ ትኬት ይውሰዱልኝ» አለችኝ። የቀሩት «በተራ! በተራ!» ብለው ጮኹባት። አሳዘነችኝና ወሰድኩላት። እሷም ደስ ብሏት መስኮቷን ዘግታ ወደ ቤቷ ሄደች።

ውስጥ ስገባ ተጫዋቾቼ በሙሉ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ሱፍ ይፈለፍላሉ። ሜዳው ላይ የሚራወጡት ተመልካቾቹ ናቸው። አንዲት እናት ኳሷን ነጠላቸው ውስጥ ሸሽገው አራት ሰው ጥለው አለፉ። ዳኛው ጥፋት ሠርቶ ኖሮ ተመልካቾቹ ፊሽካ ነፉበትና ጥግ ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ እንዲቆም አደረጉት። ጥላዬ ደረጃው ላይ ተነስቶ ይጮኻል።

«አሰልጣኙን ቀይሩት! ጀማሪውን አስገቡት!»

«ጥላዬ፣ አሰልጣኙ እኔ ነኝ» አልኩት።

«አንተ? አንተማ ጀማሪው ነህ» አለኝ። «ሂድ ልበስ።»

መልበሻ ክፍል ውስጥ ሮባ ይጠብቀኝ ነበር። ነጭ ጢም አብቅሏል። ፊሽካዬን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ እኔ ወንበር ላይ፣ እኔ እንደማደርገው አንድ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል። ራሴን ባየው ሱሪዬ አጥሮ ቅልጥሜ ላይ ደርሷል፤ ድምፄም ቀጥኗል። ሮባ ተነስቶ ትከሻዬን በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አደረገው። ከዚያ ጠጋ ብሎ አሸተተኝ።

«ጥሬ ነህ» አለኝ፣ ሳይቆጣ።

«መቼ እበስላለሁ ጋሼ?»

«እንደ ጭዱ ነው» አለኝ።

ጭድ የሞላበት ሣጥን ውስጥ ከፓፓያዎች ጋር አስተኛኝ። ይሞቃል፤ ደስ ይላል። አጠገቤ የተኛችው ፓፓያ ዞር ብላ «አንተም ለውርወራ ነው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። «እኔስ ለጭማቂ ብሆን ነበር ደስ የሚለኝ፤ ማን ጠይቆኝ» አለችና ፊቷን ወደ ጭዱ መለሰች።

ወዲያው አንዲት ሕፃን በሩን በርግዳ ገባች። ወይዘሮ እልፍነሽ ነበሩ። ቁመታቸው ከጉልበት አያልፍም፤ ቦርሳቸው ግን ያው ትልቁ ቦርሳ ነው፤ መሬት ለመሬት ይጎትቱታል።

«ዛሬ ካልበሰለ ወደ መቂ!» አሉ፣ እግራቸውን መሬት ላይ እየደበደቡ። «ዛሬ! ዛሬ!»

ሮባ በጉልበቱ ተንበረከከ። «እልፌ የኔ ቆንጆ፣ ትንሽ ቀን ስጪኝ። ልጁ ክንድ አለው።»

«ክንዱን ምን ላድርገው? ድምፅ የለውም!»

«እኔ ዋስ እሆነዋለሁ» አለ ሮባ።

ከጭዱ ውስጥ ሆኜ ሰማሁት። እንደዚያ ያለ ነገር ስለእኔ ሲባል መስማት አልለመድኩም፤ እንባዬ መጣ። ጭድ ውስጥ ማልቀስ ያስነጥሳል፤ አስነጠሰኝ። ፓፓያዎቹ ባንድ አፍ «ይማርህ!» አሉ።

ቀና ስል ሜዳ መሀል ነበርኩ። ቁሩ ራሴ ላይ ይሽከረከራል። ከማዶ አንድ በር የሚያክል ሰው እየሮጠ መጣና ፊቴ ሲደርስ ቆሞ ቁሩን አወለቀ። በዚያ አገር ሰው ሰላም ሳይባል አይጣልም።

«እንደምን አረፈዱ?» አለኝ።

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ቤተሰብ ደህና? ከብቱስ?»

«ከብት የለኝም።»

«ውይ! ምን ነካቸው?» ብሎ ከልቡ አዘነ።

ሰላምታው ሲያልቅ እንደሚጥለኝ ገብቶኛል። ስለዚህ አክስቶቹን አንድ በአንድ ጠየቅኩት። አንደኛዋን ወገቧን ያማታል አለኝ፤ ሁለታችንም ከፋን። አጎቶቹን ጠየቅኩ፤ የክርስትና ልጆቹን ጠየቅኩ። በመጨረሻ የሚጠየቅ ዘመድ አለቀብኝ። «እንግዲህ ይፍቀዱልኝ» አለና ፍራሽ አስነጥፎ፣ አቅፎ፣ ቀስ ብሎ አጋደመኝ።

«እንዴት ያለ ጨዋ አጣጣል ነው!» አለ ጥላዬ ከላይ፣ የሱፍ ልጣጭ እየተፋ።

ሮባ ውኃ ይዞልኝ ገባ። እኔ ብሆን ኖሮ ከዳር ሆኜ ጉሮሮዬ እስኪነቃ እጮኽበት ነበር። እሱ ጉልበቴን አራገፈልኝ።

«ሰውየው ሲመጣ አላየኸውም?»

«አየሁት ጋሼ። ለአጥሮቹ መናገር አቃተኝ።»

«አጥሮቹ እነማን ናቸው?»

አላየኋቸውም ነበር። አሁን አየኋቸው። አምስት ጀርባ። የመጀመሪያው ጋቢ ለብሷል፤ ከሞተ ብዙ ዘመን የሆነው አባቴ ነው። ከጎኑ አንደኛ ደረጃ ያስተማሩኝ ዳይሬክተር ናቸው፤ ኮታቸው ላይ ጠመኔ አለ። ቀጥሎ የእድራችን ዳኛ። ቀጥሎ አማቴ፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አጥብቀው። ዳር ላይ ፈረሱ፣ ከነኮፍያዬ።

አባቴ ጎንበስ እንዳለ በእግሮቹ መሀል አየኝ። «ይርዳው፣ ምን እንሁን?» አለኝ።

አባቴ ወደ ቤት ሲገባ ከወንበሬ ብድግ እያልኩ ነው ያደግሁት። እሱ እያወራ አቋርጬው አላውቅም። እንግዲህ እሱን ነው ዝቅ በል የምለው? አማቴንስ? «አባባ፣ ካላስቸገርኩዎት…» ብዬ ጀመርኩ። ሦስት ሰዎች ሰላምታ እያቀረቡ ተከመሩብኝ።

ተነሳን፤ እንደገና ቆምን። «አባባ፣ ካልከበደዎት…» አልኩ። እንደገና ተከመሩብኝ።

ከሥር ሆኜ፣ የማላውቀው ሰው ክርን አፌ ውስጥ ገብቶ፣ ሮባን አሰብኩት። በየልምምዱ ጩህ እያልኩ የለፈለፍኩበት ይህን አድርግ ማለቴ ነበር። ድፍረቱን የት ሄዶ እንዲያመጣው ነበር የጠበቅሁት?

አባቴ እጁን ሰድዶ ከክምሩ ሥር ጎትቶ አወጣኝ። ጋቢው አቧራ ሆኗል።

«ስማኝ» አለኝ። «እኔ ጎንበስ ብያለሁ። የሚታየኝ ሣር ነው። ቀና ብለህ ሜዳውን የምታየው አንተ ነህ። ካልነገርከኝ በምን ልወቅ?»

«ቢቆጡኝስ?»

«የምቆጣው ዝም ስትል ነው። ደግሞ ወገቤን አመመኝ።»

«ቶሎ በል እንጂ፣ ጉልበቴ አለቀ!» አሉ አማቴ። ፈረሱም ጉሮሮውን ጠረገ።

ያን ጊዜ ሜዳው ተንቀሳቀሰ። እንደ ትሪ ወደ ኋላ አዘነበለና ሁላችንንም ይዞ ይንሸራተት ጀመር። ነጫጭ መስመሮቹ በእግሬ ሥር ያልፋሉ። ኳሷ እጄ ላይ ፓፓያ ሆናለች። አባቴ፣ ዳይሬክተሩ፣ የእድሩ ዳኛ፣ አማቴ፣ ፈረሱ ጎንበስ እንዳሉ ወደ ኋላ ይወርዳሉ፤ አንዳቸውም ቀና አላሉም። የሚጠብቁት እኔን ነበር። ሕፃኗ እልፍነሽ ከዳር «ወደ መቂ! ወደ መቂ!» ትላለች። ሮባ ነጭ ጢሙን በሁለት እጁ ጨምድዶ «ጩህ ልጄ፣ ጩህ» ይለኛል፣ በሹክሹክታ። ደረቴን በአየር ሞላሁ። አፌን ከፈትኩ።

«ድንጋይ!»

ድምፁ የእኔ አልነበረም። ዓይኔን ገለጥኩ።

አውቶቡሱ ውስጥ ወንበሮቹ ሁሉ ባዶ ናቸው። ሹፌሩ ብቻ መሪው ላይ ተንጠልጥሎ፣ ፍሬኑን በሁለት እግሩ ረግጦ «እምቢ አለ! እምቢ አለ!» ይላል። በመስኮቱ የማያቸው ባሕር ዛፎች ወደ ፊት እየሄዱ ነው፤ ወደ ኋላ የምንሄደው እኛ ነን ማለት ነው። ሞተሩ ዳገቱ ላይ ጠፍቶ፣ ቡድኑ ሊገፋ ወርዶ፣ እኔን ለመቀስቀስ አንድም ሰው ሳይደፍር ቀርቷል። በኋላ መስኮት ዞሬ አየሁ። ሮባ አስፋልቱ መሀል ቆሟል፤ የአንገቱ ሥር ተገታትሯል።

«ድንጋይ! ጥላዬ፣ ከጎማው ሥር! ግራውን! ግራውን አልኩህ! እናንተ ከኋላ ዞር በሉ፣ ከጎን ያዙ! እልፍነሽ! ቦርሳውን ጣዪና ያንን ድንጋይ አምጪ! ሩጪ!»

ወይዘሮ እልፍነሽ ቦርሳቸውን ጣሉ። ሮጡ። ድንጋዩን እንደ ሕፃን በሁለት እጃቸው አቅፈው መጡና ከጎማው ሥር ወሸቁት። አውቶቡሱ አንዴ ዘለለ፤ ቆመ።

የሮባ ፊት ቀስ እያለ ሲለወጥ በመስታወቱ አየሁት። አፉን በእጁ ያዘ። «ጋሽ ጥላዬ…» አለ፣ በዚያ በድሮው ድምፁ። «እትዬ… ይቅርታ… ምን ነካኝ…»

አለቀ አልኩ በሆዴ፤ ተመለሰ።

ጥላዬ ትከሻውን አውቶቡሱ ላይ አስደግፎ ጎንበስ እንዳለ ነው። ቀና ሳይል «ይቅርታህን በኋላ!» አለው። «አሁን ምን እናድርግ? ንገረን እንጂ፣ ወገቤ!»

ወይዘሮ እልፍነሽ መዳፋቸውን እያራገፉ ሮባን ያዩታል። ሁሉም ያየዋል።

«አውቶቡሱ ከነጋሽ ይርዳው ይከብዳል፤ ቀስቅሰን እናውርዳቸው?» አለ አንዱ።

ሮባ ወደ መስኮቱ አየ። እኔ ቶሎ ወንበሬ ላይ ወደቅሁ። ነቅቻለሁ፤ ወርጄ መግፋትም አያቅተኝም።

«ተዉት ይተኛ!» ብሎ ጮኸ። «ከነእንቅልፉ ግፉት! ዝቅ በሉ! አንድ! ሁለት!»

ጃኬቱን ከአንገቴ ሥር አስተካከልኩና ዓይኔን ጨፈንኩ።