ኦቦ ሌታ ያላሰቡት መልስ

ከተማ ሲቆረቆር ከገበያውና ከመናኸሪያው ጋር አንድ «ቢሆንስ?» ባይ ሰው አብሮ የሚታደል ይመስለኛል። ለአምቦ የደረሷት ክቡር ኦቦ ሌታ ናቸው።

ክቡርነታቸው የመጋዘን ጸሐፊና የመምህራን ክበባችን የማይረታ ቼዝ ተጫዋች ናቸው። አንድ ወታደር ለመግፋት የእኔ ሻይ እስኪቀዘቅዝ ያስባሉ። ለእያንዳንዱ እርምጃ ተጋጣሚው ሊሰጥ የሚችለውን ክፉ መልስ ይፈልጉና፣ ካገኙ «ቀረ» ብለው እርምጃውን ይጥሉታል።

ከሰሌዳው ውጭም ያው ናቸው። ጊንጪ ለቅሶ እንሂድ ስንላቸው «አውቶቡሱ ሞልቶ ቢሆንስ? ቀረ» ይላሉ። ዣንጥላ ግዛ ቢባሉ «ነፋስ ቢገለብጠውስ? ቀረ» ብለው ክረምቱን ሙሉ ሲበሰብሱ ይከርማሉ።

የኡርጌ ነገር ግን አያስቅም ነበር። ነርሷን ኡርጌን እንደሚወዷት ከራሷ ጀምሮ አምቦ በሙሉ ያውቃል። ደብዳቤ ጻፍላት ስላቸው «ለጓደኞቿ ብታነብላቸውስ? ቀረ።» ፊት ለፊት ንገራት ስላቸው «ብትስቅብኝስ? ቀረ።» እንዲህ እንዲህ ሲሉ ልጅቷ ወደ እጃጂ ተዛወረች፤ ሰኞ ትሄዳለች ተባለ።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ምሥራቅ ጀርመን ተምሮ የተመለሰው ዓብዲሳ ቼዝ የሚጫወት ማሽን ይዞ ክበብ መጣ። ከመጽሔት ላይ አንድ አስቸጋሪ የቼዝ እንቆቅልሽ ደረደረላት። ኦቦ ሌታ ንግሥቷን መስጠት አስበው «ይበሉብኛል፤ ቀረ» አሉ። ማሽኗም በፈረስ መሄድን መረጠች።

«ይቺም እንደ ኦቦ ሌታ ናት» አለ ዓብዲሳ። «ተጋጣሚዬ ክፉውን መልስ ይሰጠኛል ብላ ነው የምታስበው። ግን ቅርቡን ብቻ አይታ አትቆምም፤ አንድ እርምጃ እየጨመረች ሁሉንም እንደገና ትፈትሻለች።»

ሻይ ጠጥተን ስንመለስ ማሽኗ ንግሥቷን ሰጥታ ጠበቀችን። ብንፈትሸው፣ ንግሥቷን የበላው ንጉሥ መውጫ የለውም።

ኦቦ ሌታ ሰሌዳውን ሲያዩ ቆዩና «የጣለችውን መልሳ ታነሳለች ማለት ነው?» አሉ።

«ታነሳለች» አልኩ፤ ትዕግሥቴ አልቆ ነበር። «ደግሞ እሷ የምትጫወተው ከጠላት ጋር ነው። ኡርጌ መቼ ጠላትህ ሆነች? ለምን ሁልጊዜ ክፉ ክፉውን መልስ ትመርጥላታለህ?»

ባርኔጣቸውን አንስተው ኡርጌ ወደምትሠራበት ክሊኒክ አቀኑ። እኛም ጨዋታውን ትተን በር በሩን ስናይ ቆየን።

ሲመለሱ ፊታቸው አመድ መስሏል። ክፉኛ ደነገጥኩ።

«ምን አለችህ?»

«‹ቶሌ፣ እሺ፤ ሽማግሌ ላክ› አለችኝ» አሉ፣ በእጃቸው ወንበር እየፈለጉ።

«ታዲያ እሺ ካለችህ ምን ሆንክ?»

«ስንት ዓመት ሙሉ ሳስብ ያንን መልስ አንድ ቀን አላየሁትም።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ እኔ ነበርኩ። የኡርጌ አባት «ለመሆኑ ምን ዓይነት ሰው ነው?» ሲሉኝ ያዘጋጀሁት ቀልድ ሁሉ ጠፋብኝ። «እህት ብትኖረኝ ለእሱ ነበር የምድራት» አልኩ።